አባ ገብረ ሚካኤል፤ መምህርና ደቀ መዝሙር

በምሥራቅ ጎጃም ደጋ፥ ከዓባይ ሸለቆ በላይ በተዘረጋው አገር፥ ዲማ ጊዮርጊስ፥ ደብረ ወርቅ ማርያምና መርጡለ ማርያም የሚባሉ ሦስት ስመ ጥር ደብሮች ይገኛሉ። እነዚህ ደብሮች ከጸሎት ቤትነታቸው ሌላ ለብዙ ዘመን የትምህርት አደባባዮች ሆነው ኖረዋል። ዲማን ለዘመናዊው አንባቢ ያስተዋወቁት ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው፤ ራሳቸው በልጅነታቸው በዲማ ስለ ተማሩ፥ «ፍቅር እስከ መቃብር» በተሰኘው መጽሐፋቸው ዲማ ጊዮርጊስን የታሪኩ ዋና ቦታ አድርገው ስሙን በየቤቱ አስገብተውታል። ከዚሁ የትምህርት አገር፥ ሐዲስ ዓለማየሁ ከመወለዳቸው ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ፥ አንድ ሌላ የቤተ ክህነት ተማሪ ተነሥተው ነበር። እኚህ ሰው ስማቸው በሮማ የተከበረ፥ በተወለዱበት አገር ግን በሙያ ባልደረቦቻቸው ዘንድ እንኳ እምብዛም የማይነሣው አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 እ.ኤ.አ. በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ ዲቦ በተባለ ቦታ ተወለዱ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ገና ልጅ ሳሉ አንድ ዓይናቸውን አጡ። ለእርሻም ለጦርም ያልተመቸ ልጅ ወደ ትምህርት መመራቱ በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር፤ ሕፃኑ ግን በተረፈችው አንዲት ዓይን ሁለት ዓይን ካላቸው ጓደኞቹ ይልቅ ብዙ ማንበብን ገንዘብ አደረገ። በእቴጌ እሌኒ ስም በሚታወቀው ጥንታዊ ደብር በመርጡለ ማርያም ተምረው፥ ዕድሜያቸው 25 ዓመት ገደማ ሲሆን በዚያው መነኮሱ።

የዚያን ጊዜው ተማሪ ኑሮ ለዛሬው መምህር እንግዳ አይደለም። ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ከየቤቱ ደጃፍ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የዕለት ምግቡን ይለምናል። ግሱን ይገሳል፤ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ለመምህሩም ይነግራል። መምህሩ ሲያርመው ጓደኞቹ ይሰማሉ፤ እርማቱም የእርሱ ብቻ ሳይሆን የጉባኤው ሁሉ ትምህርት ይሆናል። እንዲህ ባለው ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ሁለት ነገር ይወርሳል። አንደኛው፥ ጥያቄን አለመፍራት ነው። ሁለተኛው፥ ዕውቀት በአንድ ደብር ብቻ እንደማይሞላ አውቆ ካንዱ መምህር ወደ ሌላው መሄድ ነው። የአባ ገብረ ሚካኤል ሕይወት ሁሉ ከነዚህ ከሁለቱ ልማዶች የመነጨ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

መነኩሴው ሊመረምሩት የተነሡት የምንኩስናን ታሪክና ሥርዓት ነበር። በመጽሐፍ የሚያነቡት የጥንት አባቶች ኑሮና በዓይናቸው የሚያዩት የገዳም ኑሮ አልገጠመላቸውም። ከመጻሕፍት ማዕርግ አንዱ የሆነው መጽሐፈ መነኮሳት፥ ይኸውም ማር ይስሐቅ፥ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፥ በኢትዮጵያ ሊቃውንት ዘንድ በትርጓሜ የሚነገር ነው፤ እርሳቸው ግን በትርጓሜው ብቻ ሳይወሰኑ ትርጓሜው በኑሮ ለምን እንዳልታየ ጠየቁ። ከገዳማቸው አስፈቅደው፥ ተማሪዎችን አስከትለው፥ ከገዳም ወደ ገዳም እየዞሩ መጻሕፍትን ሲፈልጉ ቆዩ። በመጨረሻም ወደ ጎንደር ገብተው ጉባኤ ዘረጉ፤ ስመ ንግሥና ብቻ የቀረላቸውን ዐፄ ዮሐንስ ሣልሳዊን ሳይቀር እንዳስተማሩ ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች ያወሳሉ።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። ሥልጣን በመሳፍንቱ መካከል እንደ ተከፋፈለ ሁሉ፥ ሊቃውንቱም በምሥጢረ ሥጋዌ ነገር ተከፋፍለው ነበር። በጎጃም ገዳማት ቅባት፥ በጎንደርና በሸዋ ጸጋ ወይም ሦስት ልደት፥ በትግራይ ካራ የተባለው የተዋሕዶ ትምህርት በየፊናው ጸንቶ ይነገር ነበር። ከጳጳስ ያለ ጳጳስ የኖሩ ዓመታትም ክርክሩን ዳኛ አሳጥተውት ነበር። ለአባ ገብረ ሚካኤል ይህ ሁሉ የፖለቲካ ጉዳይ አልነበረም፤ የአንድ መምህር ጭንቀት ነበር። በጉባኤያቸው ለተቀመጠው ተማሪ የትኛውን ያስተምሩት? አገሬ የሚለው ይህ ነው ብለው መመለስ ይችሉ ነበር፤ እርሳቸው ግን በዚያ መልስ አልረኩም።

በ1841 የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ውቤ አዲስ ጳጳስ የሚያመጡ መልእክተኞች ወደ ግብፅ ላኩ። አባ ገብረ ሚካኤልም እስከ ኢየሩሳሌም ደርሰው ምርምራቸውን ለመቀጠል አስበው ከመልእክተኞቹ ጋር ተጓዙ። ከጉዞው ጋር አንድ የውጭ አገር ሰው ነበር። ይህ ሰው በ1800 በደቡብ ኢጣልያ ሳን ፌሌ በተባለ ቦታ የተወለደ፥ በ1839 ወደ ዓድዋ የገባ የላዛሪስት ማኅበር ካህን ዩስቲኖስ ዴ ያቆቢስ ነው፤ በኋላ ኢትዮጵያውያን አቡነ ያዕቆብ ብለውታል። በካይሮ ፓትርያርኩ ጴጥሮስ ሰባተኛ፥ በሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት የተማረውን ወጣት መነኩሴ አንድርያስን፥ አቡነ ሰላማ ብለው ሾሙ። ከመልእክተኞቹ ብዙዎቹ ከዚያ ወደ ሮማ ሄደው ጳጳሱን ጎርጎርዮስ 16ኛን ጎብኝተው፥ ኢየሩሳሌምንም ተሳልመው ተመለሱ።

በዚያ ረጅም መንገድ ላይ ጎጃሜው መነኩሴ የውጭውን ካህን በትኩረት ሲመረምሩ ቆዩ። በክርክር ከመሸነፋቸው በፊት በኑሮ ተማረኩ ማለት ይቻላል፤ በመጻሕፍተ መነኮሳት ሲፈልጉት የኖሩትን ትሕትና በዚህ ሰው ላይ አዩት። ሆኖም አልቸኮሉም። ከተመለሱ በኋላ የሃይማኖቱን ጥያቄ ወደ አቡነ ሰላማ አቅርበው መልስ ፈለጉ፤ በመካከላቸውም ስምምነት ጠፍቶ ጠላትነት ነገሠ። አባ ገብረ ሚካኤል ከዚህ በኋላ በ1843 ወደ ዓድዋ ወርደው፥ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ለብዙ ወራት ሲነጋገሩ ቆይተው፥ በ1844 መጀመሪያ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበሉ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር። ጉባኤ ያላቸው፥ የተከበሩ መምህር፥ በዘጠኝ ዓመት ከሚያንሳቸው የባዕድ አገር ሰው እግር ሥር እንደገና ደቀ መዝሙር ሆነው ተቀመጡ። በዚህም ምክንያት ያጡት ቀላል አልነበረም፤ ደብራቸውን፥ ዘመዶቻቸውን፥ በጎንደር ያፈሩትን ስምና ክብር አጡ።

አቡነ ያዕቆብ በዓጋሜ፥ በዓዲግራት አጠገብ፥ ጓላ በተባለው ስፍራ ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ አባ ገብረ ሚካኤል የቀኝ እጅ ሆኑ። ይህ ትምህርት ቤት በአውሮፓ መልክ የተቀረጸ አልነበረም። አቡነ ያዕቆብ እንደ አገሩ መነኩሴ ለብሰው፥ በጎጆ አድረው፥ የአገሩን ምግብ የሚመገቡ ሰው ነበሩ፤ ጸሎቱና ቅዳሴውም በግዕዝ እንዲቆይ ፈለጉ። ይህን ፈቃዳቸውን በቃልና በጽሑፍ ሊሞላ የሚችለው ግን ከጎጃም ጉባኤ የወጣ ሊቅ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ጊዜ አስተማሪና ተማሪ ሆኑ። ያዕቆብ የሮማን ነገረ መለኮት ያስተምራሉ፤ ገብረ ሚካኤል ያንን ትምህርት የኢትዮጵያ ተማሪ እንዲረዳው አድርገው ወደ አገሩ ልሳን ይመልሱታል፥ ያዕቆብንም ግዕዝ ያስተምሯቸዋል። በመተባበርም የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ አዘጋጁ፤ የሥነ ምግባር ነገረ መለኮትን ወደ ግዕዝ መለሱ፤ በሰዋስውና በመዝገበ ቃላትም ደከሙ።

እዚህ ላይ ለመምህራን ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። አዲስ ትምህርት ወደ አንድ አገር ሲገባ ብዙውን ጊዜ የቀድሞውን ትምህርት ቤት ንቆ፥ ተማሪውን ከባሕሉ ነቅሎ ይገባል። በጓላ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል ሃይማኖታቸውን ቢለውጡም የተማሩበትን መንገድ አልጣሉም። ቃሉን እየፈቱ፥ ምሥጢሩን እየተረጎሙ፥ ተማሪውን እያስጠየቁ አስተማሩ። በዚያ ማኅበር ሃይማኖት በክፍል ውስጥ ተነግሮ ከክፍል ውጪ የሚረሳ አልሆነም፤ መምህሩ ከተማሪው ጋር ይጾማል፥ አብሮ ይጸልያል፥ የቤቱን ችግር አብሮ ይሸከማል። ስደት በመጣም ጊዜ አብሮ ይሰደዳል። ስደቱም አልዘገየም። ከ1840ዎቹ አጋማሽ በኋላ የአቡነ ሰላማ ውግዘት እየበረታ ሄዶ የጓላ ማኅበር ተበተነ፤ ደቀ መዛሙርቱም በዒሮብ ወደ ዓሊቴና እና ወደ ምፅዋ አቅጣጫ ተጠጉ።

አቡነ ያዕቆብ በ1849 በምፅዋ በአቡነ ማስያስ እጅ ጵጵስና ተቀበሉ። በ1851 መጀመሪያም ለአባ ገብረ ሚካኤል ክህነት ሰጧቸው። መነኩሴው በዚያን ጊዜ ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። ለብዙ ዓመት ካህናትን ያስተማሩ ሰው ለራሳቸው ክህነቱን ሳይቸኩሉበት መቆየታቸው ጠባያቸውን ያሳያል።

በ1854 የአገሩ ሁኔታ ተለወጠ። መሳፍንቱን አንድ በአንድ ድል እየነሡ የመጡት ካሣ ኃይሉ፥ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፥ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማሙ። የተከፋፈለውን መንግሥት አንድ ለማድረግ የተነሣ ሰው የተከፋፈለውንም ሃይማኖት አንድ ለማድረግ ማሰቡ አይደንቅም፤ በአምባ ጫራ ጉባኤ የአቡኑ ትምህርት ብቻ እንዲነገር ታወጀ፤ ቅባቱም ጸጋውም ታገደ። የካቶሊኮቹ ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ አቡነ ያዕቆብና አባ ገብረ ሚካኤል ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር በጎንደር ተያዙ። አቡነ ያዕቆብ የውጭ ሰው ስለሆኑ ከወራት እስራት በኋላ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ኢትዮጵያውያኑ ግን እግራቸው በግንድ ተቆልፎ በወህኒ ቀሩ። ከእስራቱም ነጻ የሚወጡበት መንገድ ቀላል ነበር፤ ያስተማሩትን መካድ ብቻ ይበቃ ነበር።

ሽማግሌው መምህር አልካዱም። ይህ እምቢታ ከግትርነት የመጣ እንዳይመስል ያለፈውን ሕይወታቸውን ማስታወስ ያስፈልጋል። እኚህ ሰው በዘመናቸው ሐሳባቸውን ለመለወጥ ያልፈሩ ሰው ናቸው፤ ማስረጃ በቀረበላቸው ጊዜ በሃምሳ ዓመታቸውም ቢሆን ተለውጠዋል። አሁን የቀረበላቸው ግን ጅራፍ እንጂ ማስረጃ አልነበረም። በመጽሐፍ የተረታ መምህር ቢለወጥ ለተማሪዎቹ መልካም አርአያ ይሆናል፤ በጅራፍ የተረታ ግን ያስተማረውን ሁሉ ከጥርጣሬ ላይ ይጥላል። አብረዋቸው የታሰሩት ሰዎችም ሁኔታቸውን ይመለከቱ ነበር፤ ወህኒው የጓላ ጉባኤ ተከታይ ሆነ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1855 ከነገሡ በኋላ ወደ ወሎ ሲዘምቱ እስረኛውን በሰንሰለት አስረው ከጦሩ ጋር አስከተሏቸው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር መጨረሻ በንጉሡ ፊት ቀርበው እንደገና ተጠየቁ፤ መልሳቸውም ያው ስለሆነ ሞት ተፈረደባቸው። በሰፈሩ የነበረው የእንግሊዝ ቆንሲል ዋልተር ፕላውደን ስለ እርሳቸው ስለ ማለደ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ነገር ግን ስድሳ አራት ዓመት የሆነው፥ በድብደባና በረኃብ የደከመ ሰውነት፥ ጦሩን ተከትሎ በሰንሰለት መጓዝን ከዚህ በላይ አልቻለም። በዚያው ክረምት አባ ገብረ ሚካኤል በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ ጠባቂዎቻቸውም በወደቁበት ቀበሯቸው። መቃብራቸው ዛሬ አይታወቅም።

አቡነ ያዕቆብም ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በሐምሌ 1860፥ ከምፅዋ ወደ ደጋው በሚወስደው በረሐማ መንገድ ላይ ዐረፉ። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ የዓድዋው አባ ተክለ ሃይማኖት የመምህሩን ታሪክ ስለ ጻፉ፥ የዚያ ትንሽ ማኅበር ኑሮ ከመረሳት ዳነ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባ ገብረ ሚካኤልን በጥቅምት 3 ቀን 1926 ብፁዕ ብላ ሰየመች፤ አቡነ ያዕቆብንም በጥቅምት 26 ቀን 1975 ከቅዱሳን መዝገብ አስገባች። በ2015 የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከት ሲቋቋም፥ መነኩሴው የተወለዱበት የጎጃም ምድር በዚሁ ሀገረ ስብከት ውስጥ ተካተተ።

በዲማ፥ በደብረ ወርቅና በመርጡለ ማርያም አካባቢ ያሉ ኦርቶዶክሳውያን ሊቃውንት በሃይማኖቱ ጉዳይ ከአባ ገብረ ሚካኤል ጋር ላይስማሙ ይችላሉ፤ ይህ የታወቀ ነው። ነገር ግን እኚህ ሰው የጎጃም ትምህርት ቤት ፍሬ መሆናቸውን ማንም ሊያስተባብል አይችልም። ጥያቄ እንዲጠይቁ ያስተማራቸው ያ ጉባኤ ነው፤ መልሱን ፍለጋ እስከ ሮማና እስከ ኢየሩሳሌም ያደረሳቸው ያ የቆሎ ተማሪ እግር ነው፤ በጓላ ባዕዱን ትምህርት አገርኛ ያደረገው ያ የግዕዝ ዕውቀት ነው። ለመምህር ማኅበር አባሎች የሚተርፈውም ትምህርት ከዚህ ይነሣል። ተማሪ የመምህሩን ቃል ብዙውን ጊዜ ይረሳል፤ መምህሩ ባስተማረው ቃል ጸንቶ መኖሩን ወይም አለመኖሩን ግን አይረሳም። ስለዚህም መቃብሩ ያልታወቀው የመርጡለ ማርያም መነኩሴ በተማሪዎቹ በኩል እስከ ዛሬ ታውቋል።