ስለ ጆርጅ ዊትፊልድና ስለ ወዳጁ ክርክር

ጆርጅ ዊትፊልድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1714 ዓመት በእንግሊዝ አገር በግሎስተር ከተማ ተወለደ። በኦክስፎርድ ሲማር ከጆን ዌስሊ ጋር ተወዳጀ። በ1739ም በብሪስቶል አጠገብ ለድንጋይ ከሰል ቈፋሪዎች በሜዳ ላይ ወንጌልን መስበክ ጀመረ፤ ሥራውም በበዛ ጊዜ ዌስሊን ጠርቶ ምእመናኑን አደራ ሰጠው።

ነገር ግን ዌስሊ በዚያው ዓመት ጸጋ ለሰው ሁሉ የተሰጠ ነው ብሎ ሰበከ፥ ስብከቱንም አሳተመ። ዊትፊልድ እግዚአብሔር የሚድኑትን አስቀድሞ እንደ መረጠ ያምን ነበርና አዘነ፤ በ1740 በአሜሪካ ሳለ የመልስ ደብዳቤ ጻፈ። መልስ መስጠቱስ አያስነቅፈውም፤ እምነቱን የሚሸሽግ ሰው ለወዳጁ ምን ይጠቅመዋል? ነገር ግን ዌስሊ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ለማወቅ ዕጣ መጣሉን፥ ይህን በወዳጅነት ያወቀውን ምስጢር፥ በደብዳቤው ገለጠ፤ ደብዳቤውም በ1741 ታትሞ ብዙ ሰው አነበበው። ከዚህ በኋላ ሁለቱ የየራሳቸውን ጉባኤ ይዘው ተለያዩ።

ዊትፊልድም በደሉን ባወቀ ጊዜ ስለ ዕጣው ነገር ይቅርታ ለመነ፤ ስለ ምርጫ ያመነውን ግን አልተወም፥ ዌስሊም የራሱን አልተወም። እንዲህም ሆኖ በ1750 በለንደን በአንድ ጸሎት ቤት ዌስሊ ጸሎቱን ሲመራ ዊትፊልድ ሰበከ።

ዊትፊልድ ከመሞቱ አስቀድሞ የቀብር ስብከቱን ዌስሊ እንዲሰብክለት ፈቅዶ ነበር። በሴፕቴምበር 30 ቀን 1770 በአሜሪካ ዐረፈ። በኖቬምበር 18 ቀን ዌስሊ በለንደን በዊትፊልድ ጸሎት ቤት ቆሞ ስለ ድካሙና ስለ ወዳጅነቱ ሰበከ፤ በአሮጌው ክርክር ማን እንደ ረታ ግን አልተናገረም።