ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን፦ የኢትዮጵያ ሰማይ ባለውለታ

ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር ትልቁ የበላይነቷ በሰማይ ላይ ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም ደሴ በአውሮፕላን ተደበደበች። በቀጣዮቹ ዓመታትም በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ጫካና ገደል የመሸጉ የጎጃም አርበኞች ከላይ ቦንብ እየወረደባቸው ተዋግተዋል። ወረራው ሲጀመር አነስተኛውን የኢትዮጵያ አየር ኃይል ይመሩ የነበሩት ከአሜሪካ የመጡ ጥቁር አብራሪ፣ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ነበሩ።

ሮቢንሰን በፍሎሪዳ ተወልደው በሚሲሲፒ ግዛት ጋልፍፖርት በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አደጉ። በታወቀው የታስኪጊ ተቋም የመኪና ጥገና ሙያ ተምረው ወደ ቺካጎ አቀኑ። በዚያ የነበረው የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ግን ጥቁር ተማሪ አይቀበልም ነበር። እርሳቸውም በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥረው ክፍሎቹን እየጠረጉ ትምህርቱን አዳመጡ። በኋላ በተማሪነት ተቀባይነት አግኝተው ተመረቁ፤ ከጓደኛቸው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋርም ሌሎች ጥቁር ወጣቶችን በረራ አስተማሩ።

በአሜሪካ ይማሩ የነበሩት ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን የጥቁር ሕዝብን ድጋፍ ያስተባብሩ ነበር። ሮቢንሰንም ለኢትዮጵያ የቀረበላቸውን ጥሪ ተቀብለው በ1927 ዓ.ም አዲስ አበባ ገቡ። ያገኟቸው አውሮፕላኖች ጥቂት፣ ያረጁና መሣሪያ ያልታጠቁ ነበሩ። በእነዚህ ከጠላት ተዋጊ አውሮፕላን ጋር መግጠም አይቻልም። ስለዚህ መልእክት፣ መድኃኒትና ሹማምንትን በአዲስ አበባና በጦር ግንባሮች መካከል ማመላለስ ዋና ሥራቸው ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱንም አሳፍረው በርረዋል። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም ዓድዋ ስትደበደብ በከተማዋ ነበሩ፤ ያዩትንም ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ።

ጦርነቱ በሽንፈት ሲያበቃ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በኒውዮርክና በቺካጎ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተቀበላቸው፤ «ቡናማው ንስር» የሚለው ስማቸውም ገነነ። በቺካጎ የበረራ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ዝናቸው በአገራቸው ለመኖር ይበቃቸው ነበር።

ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች በኋላ ግን በ1936 ዓ.ም ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ተመልሰው መጡ። ከባዶ የጀመረውን የአየር ኃይል ሥልጠና መሩ፤ ወጣት ኢትዮጵያውያንን በረራና ጥገና አስተማሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ዋና አብራሪዎቹ የውጭ ዜጎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የአየር መንገዱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና አብራሪ ሲሆኑ፣ ሮቢንሰን የደከሙለት ኢትዮጵያዊ አብራሪ የማፍራት ዓላማ በሲቪል በረራም ፍሬ አፈራ።

የመጨረሻ ዓመታቸው ቀላል አልነበረም። ከስዊድናዊው የአየር ኃይል አሠልጣኝ ከካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ጋር በተፈጠረ ጠብ ታስረው ነበር። ያም ሆኖ አገሪቱን አልለቀቁም። በ1946 ዓ.ም መጋቢት ወር ያበሩት የነበረች አነስተኛ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ተከስክሳ ክፉኛ ቆሰሉ፤ መጋቢት 18 ቀንም አረፉ። የተቀበሩትም በአዲስ አበባ ጉለሌ ነው።

ኮሎኔል ሮቢንሰን የጠላትን አውሮፕላን ከኢትዮጵያ ሰማይ ሊያባርሩ አልቻሉም። ለዚያ የሚሆን መሣሪያም አልነበራቸውም። ድል በራቀበት ጊዜ መጥተው፣ ከሽንፈት በኋላም ተመልሰው ያሠለጠኗቸው ወጣቶች ግን በዚያው ሰማይ ላይ በረሩ።