ከአፈወርቅ ወደ አፈ ቄሣር፦ የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሕይወት

አፈወርቅ የሚለው ስም ሲነሳ ብዙዎች በቅድሚያ የሚያስታውሱት በአዲስ አበባ የሚገኘውን የአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም የመስታወት ሥዕሎች የሠሩትን ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌን ነው። ከእርሳቸው በፊት ግን በዚሁ ስም የሚጠሩ ሌላ የጥበብ ሰው፣ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ቀዳሚውን ስፍራ ይዘው አልፈዋል።

ነጋድራስ አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1868 በጣና ሐይቅ ዳርቻ በዘጌ ተወለዱ። በ1887 ወደ ኢጣሊያ ተልከው በቱሪን ከተማ የሥዕል ትምህርት የተከታተሉ ሲሆን፣ ወደ አገራቸው ሲመለሱም በእንጦጦ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን ሠርተዋል። ብዙም ሳይቆዩ ዳግመኛ ወደ አውሮፓ አቀኑ። ሁለቱ አገሮች በ1896 በዐድዋ በተፋለሙበት ወቅትም የወገኑት ለኢጣሊያ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ በኔፕልስ የምሥራቃውያን ጥናት ተቋም አማርኛ እያስተማሩ የሰዋስው መጻሕፍትን አዘጋጁ። በ1908 በሮም ያሳተሙት ልብ ወለድ ታሪክ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ እንደሆነ ይታመናል። ኋላ ጦቢያ በሚል ስም የታወቀው ይህ መጽሐፍ አባታቸው በጦርነት የተማረከባቸውን መንታ ወንድምና እህት ታሪክ ይተርካል። በዚያው ዓመት ለመንገደኞች ባዘጋጁት መጽሐፍ የአገሪቱን አስተዳደር አጥብቀው ነቀፉ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ በአድናቆት ጽፈው አሳተሙ።

ወደ ኢትዮጵያ ከተመለሱ በኋላ መንግሥት ዕውቀታቸውን በከፍተኛ ኃላፊነቶች ተጠቅሞበታል። በ1920ዎቹ የባቡር ንግድ መናኸሪያ በሆነችው ድሬዳዋ በነጋድራስነት የጉምሩክን ሥራ መርተዋል። በመቀጠልም የኢትዮጵያውያንንና የውጭ ዜጎችን ክርክር የሚያየው ልዩ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያም በሮም የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ሆነው አገልግለዋል። ገቢ የሰበሰቡለት፣ ፍርድ የሰጡለትና በውጭ አገር የወከሉት መንግሥት በ1935 በወራሪው የፋሺስት ጦር በተጠቃ ጊዜ የሚጠበቅባቸው ታማኝነት ቀላል አልነበረም።

እርሳቸው ግን ለወራሪው አገዛዝ አደሩ። ጣሊያኖችም አፈ ቄሣር የሚል ማዕረግ ሰጧቸው። በዚህም በልጅነታቸው የወጣላቸው፣ የአንደበተ ርቱዕነት መጠሪያ የሆነው ስም የባዕድ ንጉሥ አፍ መሆንን ከሚያመለክት ሹመት ጋር ተያይዞ ቀረ። ከ1941 ነፃነት በኋላ ለፍርድ ቀርበው ወደ ጅማ የተጋዙ ሲሆን፣ በ1947 በዚያው በግዞት አረፉ።

ሞክሼያቸው አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ አገር ለትምህርት የተላኩትም በዚያው በ1947 ነበር። የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ የተላኩት ወጣት ፊታቸውን ወደ ሥዕል አዙረው በለንደኑ የስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ተመልሰውም በ2012 እስካረፉ ድረስ ሙያቸውን ለአገራቸውና ለአፍሪካ ነፃነት መዘከሪያ አዋሉት።

የቀዳሚው አፈወርቅ የብዕር ሥራ ዛሬም በትምህርት ተቋማት ይጠናል። የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች ለቋንቋው ያበረከቱትን ሲመረምሩ፣ የታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ በፈተናው ሰዓት የቆሙበትን ወገን ይመዘግባሉ። በመንግሥት ኃላፊነት ያለፈ ሰው ሕይወት ሲመዘን አንዱ መዝገብ ሌላውን ሊሽር እንደማይችል የነጋድራስ አፈወርቅ ታሪክ ያሳያል።