ቅድስት ቴሬዛ ዘካልኩታ፦ የድርቅ ጎዳተኞች እናት

በስምጥ ሸለቆ ለምንኖር ምእመናን ድርቅ በሩቅ የሚሰማ ወሬ አይደለም። ዝናብ በቀረ ቁጥር ከመተሐራና ከፈንታሌ ሜዳ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር ወደ ከተማ ሲመጣ በዓይናችን አይተናል። ስለዚህም ለተራበው ከእህል በፊት ራሳቸውን የሰጡትን የቅድስት ቴሬዛ ዘካልኩታን ሕይወት በአጭሩ እናቀርባለን።

ቅድስት ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1910 በስኮፕዬ ከተማ ከአልባኒያውያን ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው በልጅነታቸው ቢሞቱም እናታቸው ድኾችን ከማእዳቸው አይለዩም ነበር። አግነስ፣ የዓለም ስማቸው ይህ ነበር፣ በ18 ዓመታቸው የሎሬቶ ደናግል ማኅበር ገብተው ወደ ሕንድ ተላኩ፤ በካልኩታም ለብዙ ዓመታት በመምህርነት አገለገሉ። እ.ኤ.አ. በ1943 ቤንጋልን የመታው ታላቅ ረሃብ በዚያው ሳሉ ደረሰ። በ1946 በባቡር ሲጓዙ ከድኾች መካከል ገብተው እንዲኖሩ የሚጠራቸውን የጌታን ድምፅ በልባቸው ሰሙ። በ1948 ከገዳሙ ሲወጡ ገንዘብም ረዳትም አልነበራቸውም። ቀድመው የተከተሏቸው ያስተማሯቸው ልጃገረዶች ናቸው። በ1950 የፍቅር ሥራ ደናግል ማኅበር ጸደቀ፤ በ1969ም በፈቃዳቸው የሚረዷቸው ምእመናን ኅብረት ከማኅበሩ ጋር እንዲቆራኝ ቤተ ክርስቲያን ፈቀደች።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎንና የአፋርን ምድር ድርቅ መታ። አርብቶ አደሩ የተጎዳው በዝናብ እጦት ብቻ አልነበረም፤ በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት የአዋሽ ዳርቻ ለጥጥና ለሸንኮራ እርሻ ተወስዶበት ነበር። የከረዩ ወገኖቻችንም በመተሐራ ይኸው ደርሶባቸዋል። በዚያ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ እናት ቴሬዛ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀረቡ፤ ፈቃድ አግኝተውም ደናግላቸውን በአገራችን አስቀመጡ። መንግሥት ሲለወጥ ደናግሉ አልሄዱም። በ1977ቱ ድርቅ እናት ቴሬዛ ዳግመኛ መጡ፤ ልጆቻቸውንም በሥራ ላይ አገኟቸው።

ለድኻ ዓሣ ከመስጠት መረቡን መስጠት አይሻልም ወይ እያሉ የሚነቅፏቸው ነበሩ። እርሳቸው ግን ወደ እነርሱ የሚመጣው ሰው መረብ ለመያዝ ቀርቶ ለመቆም አቅም የሌለው መሆኑን፣ ከቆመ በኋላ መረቡን ሌሎች ሊሰጡት እንደሚችሉ ያስረዱ ነበር። ይህ አነጋገር እኛን የሚመለከት ነው። ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር ዛሬ የሚበላው ያሻዋል፤ ነገ ግን የውሃ ጉድጓድ፣ ግጦሽና የምትወልድ ጊደር ያስፈልገዋል። መንጋ ተመልሶ እስኪበዛ ዓመታት ይፈጃል። ሁለተኛው ሥራ ለእኛ የተተወ ነው።

በቤቶቻቸው የሕክምናው አሰጣጥ ጉድለት እንዳለበት የተናገሩ ሐኪሞችም ነበሩ፤ ይህንንም መሸሸግ አይገባም። ከሞታቸው በኋላ፣ በ2007 እ.ኤ.አ.፣ በታተሙት ደብዳቤዎቻቸው ደግሞ ለአያሌ ዓመታት በነፍሳቸው ጨለማ እንደነበረ፣ የእግዚአብሔርም መጽናናት እንደራቃቸው ታወቀ። እንዲህም ሆኖ በየማለዳው ወደ ድኾች መውጣታቸውን አላቋረጡም። ቸርነት በስሜት መሞቅ ሳይሆን በፈቃድ መጽናት መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

እ.ኤ.አ. መስከረም 5 ቀን 1997 በካልኩታ አረፉ። በ2016 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ቅድስናቸውን አወጁ።

ውድ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በቦረና አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ሲከሽፉ ብዙዎች በፈቃዳቸው እህልና ውሃ ይዘው ደርሰዋል። መልካም ነው። ነገር ግን ዝናብ በጣለ ማግስት መኪናው ይመለሳል፤ በረቱ ግን ባዶውን ይቀራል። ቅድስት ቴሬዛ የሚጠይቁን በዚያን ጊዜ ማን እንደቀረ ነው። በየቁምስናችን ጥቂቶች እንኳ ድርቁ ካለፈ በኋላ እነዚያን ቤተሰቦች ተመልሰን እንጎብኝ።

የቅድስት ቴሬዛ አማላጅነት አይለየን። አሜን።