ጓዳ ገብቶ ሴቶችን የሣለው ኡታማሮ

በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከቁጠባ ሰሌዳው አጠገብ፣ ከቀን መቁጠሪያ የተቆረጠ አንድ የጃፓን ሥዕል ለጥፈናል። ወርሃዊ መዋጮ ልትከፍሉ ስትመጡ ሴቶቹ እነማን እንደሆኑ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናል። መልሱን በዚህ እትም እናቅርብ ብለን ያነበብነውን እንዲህ ጻፍነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በሥዕሉ ላይ አራት ሴቶች ጓዳ ውስጥ ናቸው። አንዷ በቀርከሃ ቱቦ እሳቱን እፍ ትላለች። ሌላዋ ከድስቱ ሙቅ ውኃ ስትቀዳ ጭሱና እንፋሎቱ ፊቷን አኮማትሮታል። አንዷ ቆማ ሳህን ትወለውላለች። አራተኛዋ ቁጭ ብላ አትክልት ስትልጥ ልጇ ከጀርባዋ ተንጠልጥሎ አላሠራ ብሏታል። ይህ ከተሣለ ከ2 መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጭስ ዓይኗን ለቆጠቆጣት ሴት ግን ማስረጃ አያስፈልጋትም።

ሠዓሊው ኪታጋዋ ኡታማሮ ይባላል። በ1750ዎቹ መጀመሪያ እንደተወለደ ይታመናል። ሥዕል የተማረው ከቶሪያማ ሴኪየን ነው፤ የሠራውም የሞተውም በኤዶ ከተማ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ ነው። እንዲህ ያለው ሥዕል የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አልነበረም። አሳታሚው ገንዘቡን ያወጣል፤ ሠዓሊው በስስ ወረቀት ላይ ይነድፋል፤ ቀራጩ ወረቀቱን በቼሪ እንጨት ጣውላ ላይ ለጥፎ መስመሩን እየተከተለ ይቀርጻል፤ አታሚው ለየቀለሙ በተዘጋጀው ጣውላ ወረቀቱን ደጋግሞ ያትማል። በዚህ መንገድ አንድ ንድፍ በብዙ ቅጂ ስለሚወጣ ዋጋው ከአንድ ሳህን የኑድል ሾርባ ብዙም አይርቅም ነበር። ድሃውም ገዝቶ ግድግዳው ላይ ይለጥፍ ነበር ማለት ነው።

የኡታማሮን ዕድል የከፈተለት ጹታያ ጁዛቡሮ የተባለ አሳታሚ ነው። በ1788 ነፍሳትን የሚያሳይ መጽሐፍ አብረው አወጡ፤ አንበጣውና ቢራቢሮው ቅጠል ላይ በሕይወት ያሉ ይመስላሉ። ያንን የሚያስተውል ዓይን ነው በኋላ ወደ ሴቶች የዞረው። በ1790ዎቹ መጀመሪያ ከዚያ በፊት ከነሙሉ ቁመታቸው ይሣሉ የነበሩትን ሴቶች ከደረት በላይ ብቻ አቅርቦ ሣላቸው። መስተዋት የምታይ፣ ደብዳቤ የምታነብ፣ ልጅ የምታጠባ ሴት በቅርብ ታየች። የሐር ትል የሚያረቡ ሴቶችን ሥራም ከትሉ እስከ ጨርቁ ድረስ በ12 ሥዕሎች አሳይቷል። እኛ ከሁሉ የምንወደው ይህንን ነው፤ ሥራው በየደረጃው ስለተቀመጠ የሥልጠና ፖስተር ይመስላል።

ከሣላቸው መካከል ናኒዋያ ኦኪታ የምትባል፣ አሳኩሳ በሚባለው ቤተ መቅደስ አካባቢ ሻይ የምታቀርብ ወጣት ነበረች። ሥዕሏ ሲሸጥ ስሟ በከተማው ናኘ። በ1793 ግን መንግሥት እንደ እሷ ያሉ ሴቶችን ስም በሥዕል ላይ መጻፍን ከለከለ። ኡታማሮ ዘዴ አላጣም። በሥዕሉ ጥግ ሁለት እስር ጎመን፣ ቀስት፣ ባሕርና የሩዝ ማሳ ሣለ፤ በጃፓንኛ የእነዚህ ነገሮች ስም ሲገጣጠም ናኒዋያ ኦኪታ ይሆናል። በ1796 ይህም ታገደ።

አሁን ወደከበደን ነገር እንምጣ። ኡታማሮ ከጓዳና ከሻይ ቤት ይልቅ ስሙ የገነነው ዮሺዋራ በሚባለው ሰፈር ሥዕሎቹ ነው። ዮሺዋራ መንግሥት የፈቀደው የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ሲሆን በውኃ ቦይ የተከበበና አንድ ዋና በር ብቻ ያለው ነበር። ድሃ ወላጆች ሴት ልጃቸውን፣ አንዳንዴ ገና ሰባት ስምንት ዓመቷ ሳለ፣ ቅድሚያ ገንዘብ ተቀብለው ለቤቱ ባለቤት ይሰጣሉ። ያ ገንዘብ የልጅቷ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል። ስታድግ በሥራዋ ትከፍለዋለች፤ ውሉ ብዙ ጊዜ አሥር ዓመት ነው። ነገር ግን የምትለብሰው ውድ ልብስ፣ የምትተኛበት አልጋ፣ የፀጉሯ ጌጥ፣ ከሥሯ ሆነው የሚያገለግሏት ትንንሽ ልጆች ወጪ ጭምር በእሷው ስም ይጻፋል።

እኛ ሂሳብ የምንይዝ ሰዎች እንዲህ ያለውን መዝገብ ስናይ ወዲያው ይገባናል። ገቢው በሌላ ሰው እጅ ነው፤ ወጪው በእሷ ስም ነው፤ ሚዛኑ ታስቦ እንዳይዘጋ ሆኖ የተሠራ ነው። ከእኛም መካከል በአራጣ ዕዳ ተይዘው ወደ ማኅበሩ የመጡ እህቶች አሉ። ከከፈሉት ይልቅ ቀሪው ለምን እንደሚበዛ አብረን ቁጭ ብለን ስንደምር ያመሸንበትን ጊዜ አንረሳውም። በዮሺዋራ ብዙዎቹ በበሽታ በወጣትነታቸው ይሞቱ ነበር። ዘመድ የሌላቸው ሬሳቸው የሚወሰድበት ጆካንጂ የተባለው ቤተ መቅደስ በሕዝቡ ዘንድ የመጣያ ቤተ መቅደስ ተብሎ ይጠራ ነበር።

ኡታማሮ ይህንን አያውቅም ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ ሰፈሩን በደንብ ያውቀዋል። ሥዕሎቹ በአብዛኛው ቦታውን የድሎትና የውበት ቦታ አስመስለው ያሳያሉ፤ ለሰፈሩም ማስታወቂያ ሆነው አገልግለዋል። በዚህ ልንወቅሰው ይገባል ብለን እናምናለን። ሆኖም በ1794 አካባቢ የዮሺዋራን ሴቶች ሙሉ ቀን ሰዓት በሰዓት በ12 ሥዕሎች ሲያሳይ አንዱ ላይ ሌላ ነገር አለ። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። አንዲት ሴት ከእንቅልፏ ተነሥታ ወደ መጸዳጃ ልትሄድ ነው። በአንድ እጇ የሚነድ ክር፣ በሌላው ወረቀት ይዛለች፤ እንቅልፍ ባልለቀቀው ዓይኗ እግሯን ወደ ጫማዋ ትሰድዳለች። ማንም ደንበኛ አያያትም። ድካሟ ብቻ ነው የሚታየው።

በ1804 መከራው ወደ እሱ ዞረ። ከ2 መቶ ዓመት በፊት ጃፓንን የገዛውን ቶዮቶሚ ሂዴዮሺን ከሚስቶቹ ጋር ሣለ። በዚያ ዘመን የነበሩ መሪዎችን በስም መሣል ክልክል ስለነበር ተይዞ ታሰረ፤ ከዚያም ለ50 ቀን እጆቹ በካቴና ተቆለፉ። በሁለት ዓመቱ፣ በ1806 ሞተ።

ሥዕሎቹ ግን በኋላ ባሕር ተሻገሩ። በ1890 ፓሪስ ውስጥ የጃፓን የእንጨት ሕትመቶች ኤግዚቢሽን ሲታይ አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ሜሪ ካሳት አይታ ተደነቀች፤ ብዙም ሳትቆይ ልጅ የምታጥብ እናትንና ልብሷን የምታስለካ ሴትን ጨምሮ አሥር የቀለም ሕትመቶች ሠራች። በ2016 ደግሞ አንድ የኡታማሮ ሕትመት ፓሪስ ላይ በጨረታ ከ7 መቶ ሺህ ዩሮ በላይ ተሽጧል፤ ያው በአንድ ሳህን ሾርባ ዋጋ ይሸጥ የነበረው ዓይነት ወረቀት ማለት ነው።

በሌሊቱ ሥዕል ላይ የሰዓቱ ስም፣ የሠዓሊውና የአሳታሚው ምልክት ታትሟል። የሴትዮዋ ስም አልተጻፈም። የእሷን ሥዕል ቅጂ ስናገኝ ከጓዳው ሥዕል ጎን ለመስቀል አስበናል፤ ቦታ እንዲኖር የቁጠባ ሰሌዳው ትንሽ ወደ ግራ ይጠጋል።