ሳያዩ የልብን መንገድ ያወቁት ሐኪም

በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ዘመድ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ከበሽተኛው አንገት ሥር ወይም ከክንዱ የወጣ ቀጭን ቱቦ ሳያይ አልቀረም። ካቴተር ይሉታል። የውጭው ጫፍ ይታያል፤ የውስጡ ጫፍ ግን በደም ሥር ተጉዞ ልብ አጠገብ የት ላይ እንደቆመ በዓይን አይታይም። የሐኪሙ ጭንቀት ያለው እዚህ ላይ ነው። ቱቦው ጥቂት ሴንቲ ሜትር አልፎ ቢገባ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል፤ ወደ ሌላ ሥር ቢታጠፍ ደግሞ መድኃኒቱ ያልታሰበበት ቦታ ይደርሳል። ለዚህ ነው የጫፉን መድረሻ የሚጠቁሙ ሴንሰሮች የተሠሩት። በዛሬው የረመዳን ገጻችን ሕይወታቸውን የምንቃኘው ሰው ከእነዚህ መሣሪያዎች ሰባት መቶ ዓመት ያህል ቀድመው የኖሩ ናቸው። ይሁንና ቱቦው ከቀኝ ልብ ወደ ሳንባ የሚጓዝበትን መንገድ በትክክል ጽፈው የተዉልን እርሳቸው ናቸው።

ሙሉ ስማቸው ዐላኡዲን አቡል ሐሰን ዐሊ ኢብኑ አቢ አል-ሐዝም አል-ቀርሺ ሲሆን ዓለም የሚያውቃቸው ኢብኑ ነፊስ በሚለው ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1210ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ በሶርያ ምድር ተወለዱ። በወቅቱ ደማስቆ የዕውቀት ከተማ ነበረች። ሱልጣን ኑረዲን ዘንጊ በ1154 ያሠሩት የኑሪ ቢማሪስታን ሕሙማን የሚታከሙበት ብቻ ሳይሆን ሕክምና የሚቀራበትም ቤት ነበር። ኢብኑ ነፊስ በዚሁ ቤት ከታላቁ ሐኪም ከአል-ደኽዋር ደረሶች አንዱ እንደነበሩ ይነገራል። ሕክምናን ብቻ አልተማሩም። ሐዲስን፣ የዐረብኛ ሰዋስውንና ፊቅህንም ቀርተዋል። መዝሀባቸው በሀገራችንም ብዙ ሙስሊሞች የሚከተሉት የሻፊዒይ መዝሀብ ነበር።

በ1236 ገደማ ወደ ካይሮ ተሻገሩ፤ ቀሪ ዕድሜያቸውንም እዚያው አሳለፉ። በቢማሪስታን ሕሙማንን ያክማሉ፣ በመስሩሪያ መድረሳ ደግሞ የሻፊዒይን ፊቅህ ያስተምራሉ። ያ ዘመን ሞንጎሎች በ1258 ባግዳድን ያወደሙበት፣ ሁለት ዓመት ቆይተውም ደማስቆን የያዙበት ዘመን ነው። የተወለዱበት አገር እንዲያ ሲታመስ እርሳቸው በካይሮ መጻሕፍት ይጽፉ ነበር።

ስለ አጻጻፋቸው የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች የሚያወሩት ያስገርማል። አስቀድሞ የተቀረጹ የሸምበቆ ብዕሮች ይቀርቡላቸዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩና መጽሐፍ ሳይገልጡ ከራሳቸው ያፈሱታል። አንዱ ብዕር ሲደንዝ እርሱን ለመቅረጽ ጊዜ አያጠፉም፤ ይጥሉትና ሌላ ያነሳሉ። አንድ ቀን ሐማም ገብተው ገላቸውን ሲታጠቡ አሳብ መጣላቸውና ገላቸውን ሳይጨርሱ ወደ ልብስ መቀየሪያው ወጡ። ብዕር፣ ቀለምና ወረቀት አስመጥተው ስለ ደም ሥር ትርታ አንድ ጽሑፍ ጽፈው ጨረሱ። ከዚያ ተመልሰው ገብተው ትጥበታቸውን ቀጠሉ። ሦስት መቶ ጥራዝ እንዲሆን ያሰቡትን ታላቅ የሕክምና መጽሐፋቸውን ሰማንያ ጥራዝ አድርሰውታል።

ስማቸውን ያስጠራው ግን ከዚህ ሁሉ አነስ ያለ ሥራ ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው በኢብኑ ሲና የሕክምና ቀኑን ውስጥ ስለ ሰውነት አካላት የሚናገረውን ክፍል የሚያብራራ ሸርሕ ጻፉ። በዚያን ጊዜ ሐኪሞች ሁሉ የሚከተሉት ከሺህ ዓመት በፊት የኖረው የግሪኩ ጋለን ያስተማረውን ነበር። እንደ ጋለን ትምህርት ደም ከቀኙ የልብ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው ሁለቱን በሚለየው ግድግዳ ላይ ባሉ የማይታዩ ቀዳዳዎች ነው። ኢብኑ ሲናም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ኢብኑ ነፊስ ኢብኑ ሲናን እጅግ ያከብራሉ፤ መጽሐፋቸውን በካይሮ ያስፋፉትም እርሳቸው ናቸው። እዚህች ቦታ ላይ ግን አልተስማሙም። ግድግዳው ወፍራምና ድፍን ነው፤ የሚታይም የማይታይም ቀዳዳ የለውም ብለው ጻፉ።

ታዲያ ደሙ በየት አልፎ ግራው ላይ ይደርሳል? መልሳቸው ይህ ነበር። ደሙ ከቀኙ ክፍል ተነሥቶ በወፍራሙ ሥር ወደ ሳንባ ይሄዳል። እዚያ ከአየር ጋር ይዋሐዳል። ከዚያ በሌላኛው ስስ ሥር ወደ ግራው ልብ ይመለሳል። የአንዱ ሥር ግድግዳ ወፍራም፣ የሌላው ስስ የሆነበትን ምክንያትም ከዚሁ ጋር አያይዘው አስረዱ፤ በሳንባ ውስጥ በሁለቱ መካከል ማለፊያ መኖር አለበት ሲሉም ጨመሩ። ያንን ማለፊያ ጣሊያናዊው ማልፒጊ በማጉያ መነጽር ያየው በ1661 ነው። እርሳቸው በመጽሐፋቸው መግቢያ ላይ ሬሳ ከመቅደድ ሸሪዓና ርኅራኄ እንደከለከሏቸው ገልጸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በማኅበራዊ ሚዲያ ኢብኑ ነፊስ የደምን ዝውውር ሁሉ እንዳገኙ ተደርጎ ሲጻፍ አያለሁ። ልክ አይደለም። እርሳቸው የገለጹት በልብና በሳንባ መካከል ያለውን መንገድ ነው፤ መላ ሰውነትን የሚያዳርሰውን ዝውውር ያስረዳው እንግሊዛዊው ሃርቪ ነው፣ በ1628። ሰውየው የሠሩት በራሱ ትልቅ ነው፤ ያልሠሩትን መጨመር ክብራቸውን አያበዛም።

ያ ሸርሕ ለዘመናት በመጻሕፍት ክምችት ውስጥ ተኝቶ ቆየ። በ1924 ሙህዪዲን አል-ተታዊ የተባለ ግብፃዊ ሐኪም በጀርመን ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ሲያጠና በርሊን የሚገኘውን የእጅ ጽሑፍ መረመረና ነገሩን ለዓለም አሳወቀ። ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው በጀርመን ቨርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ሐኪም ቀጭን ቱቦ በራሱ ክንድ ደም ሥር አስገብቶ እስከ ልቡ ገፋው። ከዚያ በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ የደረሰበትን ቦታ አስነሣ። ያኔ ጫፉ የት እንዳለ ለማወቅ ከራጅ ሌላ መንገድ አልነበረም።

በ1970 ስዋንና ጋንዝ የተባሉ ሁለት የልብ ሐኪሞች በአሜሪካ ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ ያለው ካቴተር አስተዋወቁ። ፊኛዋ ስትነፋ ደሙ ራሱ ይዟት ይሄዳል። ሐኪሙ የሚያየው ቱቦውን ሳይሆን የግፊት መለኪያው በስክሪን ላይ የሚሥለውን መስመር ነው። ጫፉ በላይኛው የቀኝ ክፍል ሲሆን ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ ከስድስት ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እምብዛም አይበልጥም። ወደ ታችኛው ክፍል ሲያልፍ ልብ በተኮማተረች ቁጥር መስመሩ ወደ 25 ይዘልና ወደ ዜሮ ተጠግቶ ይወርዳል። ወደ ሳንባው ሥር ሲገባ ደግሞ ላይኛው ቁጥር እንዳለ ሆኖ ታችኛው ወደ 10 አካባቢ ከፍ ይላል። የቀኝ ልብ፣ ቀጥሎም የሳንባው ወፍራም ሥር፤ ኢብኑ ነፊስ በብዕር ያሰመሩት ቅደም ተከተል ነው። ቱቦው ወደ ግራ የሚሻገርበት ቀዳዳ በጤነኛ ግድግዳ ላይ የለም።

ዛሬ በክንድ የሚገቡ ቀጫጭን ካቴተሮችን ለማስቀመጥ የልብን ኤሌክትሪክ የሚያነብ ዘዴም አለ። የልብ ምት የሚነሣው ከላይኛው የቀኝ ክፍል ነው። ጫፉ ወደዚያ በተጠጋ መጠን በስክሪኑ ላይ ያለችው የመጀመሪያዋ ትንሽ ማዕበል ታድጋለች፤ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ወደ ታች መገልበጥ ትጀምራለች። ሐኪሙ ይህን አይቶ ትንሽ ይመልሰዋል፤ ብዙ ጊዜም ተጨማሪ ራጅ ማንሳት አያስፈልገውም።

ይህ ወር ነውና ቤተሰብ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ካቴተር ጾም ያስፈታል? ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1997 በጅዳ ባደረገው ጉባኤ የልብንም ሆነ የሌላ አካልን ሥሮች ለመመርመር ወይም ለማከም ቱቦ በደም ሥር ማስገባት ጾምን እንደማያበላሽ ወስኗል። በደም ሥር የሚሰጥ ምግብነት ያለው ፈሳሽ ግን በዚህ ውስጥ አይገባም። ሕመምተኛው መጾም ይችል እንደሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሐኪሙ ነው። ሐኪምም ፈቂህም የነበሩት ኢብኑ ነፊስ ይህ ጥያቄ ቢቀርብላቸው ደስ ይላቸው ነበር ብዬ አስባለሁ።

በስተ እርጅናቸው የግብፅ ሐኪሞች አለቃ ሆኑ፤ የሱልጣን በይበርስም ሐኪም ነበሩ። ሀብትም አገኙ፤ በካይሮ በእብነ በረድ ያስነጠፉት ቤት ነበራቸው። በ1288 መጨረሻ በጠና ታመሙ። ሊያክሟቸው የመጡት የሙያ ባልደረቦቻቸው በጊዜው ለመድኃኒት ይታዘዝ የነበረውን ጥቂት ኸምር እንዲቀምሱ መከሯቸው። እርሳቸው ግን በሆዳቸው ኸምር ይዘው ከጌታቸው ጋር እንደማይገናኙ ነግረው አልቀበልም አሉ። በታኅሣሥ ወር፣ በሂጅራ 687 በዙልቀዕዳ፣ ሰማንያ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ዐረፉ። አላህ ይዘንላቸው።

ቤታቸውንና መጻሕፍታቸውን በሙሉ ሱልጣን ቀላውን ከአራት ዓመት በፊት አሠርተው ለጨረሱት ለመንሱሪ ቢማሪስታን ወቅፍ አድርገው ነበር።