የኤሊሻ ኦቲስ ሕይወትና ለጭነት ማንሻ ደኅንነት ያበረከተው ሥራ

ከባድ ዕቃን ከምድር አንሥቶ ወደ ላይ ማውጣት የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ሥራ ነው። የተነሣው ሸክም ተመልሶ በሰው ላይ እንዳይወድቅ ማድረግ ግን ዘግይቶ የመጣ ጥበብ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በእንፋሎት ኃይል የሚሠሩ ማንሻዎች በየፋብሪካው እየበዙ ቢሄዱም፣ የሠራተኛው ሕይወት በአንድ ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ገመዱ ሲበጠስ መድረኩም፣ ዕቃውም፣ በላዩ የቆመውም ሰው አብረው ይወድቁ ነበር። ይህን አደጋ በቀላል ዘዴ የገታው ኤሊሻ ግሬቭስ ኦቲስ ስለሆነ፣ ዛሬ በየመጋዘኑ ልዩ ልዩ ፎርክሊፍቶችን የሚነዱና የሚያሠሩ ባለሙያዎች ታሪኩን ሊያውቁት ይገባል።

ኦቲስ እ.ኤ.አ. ኦገስት 3 ቀን 1811 በአሜሪካ፣ በቨርሞንት ክፍለ ግዛት፣ ሃሊፋክስ በምትባል የገጠር ከተማ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። በ19 ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ወደምትገኘው ትሮይ ሄደ። በጋሪ ዕቃ አመላለሰ፤ በወንዝ ዳር የእህል ወፍጮ ተከለ፤ ገበያ ሲያጣም ወፍጮውን ወደ እንጨት መሰንጠቂያ ለወጠው፤ ሠረገላም ሠራ። ሚስቱ ሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆች ትታበት ሞተች። ከዚያም በአልባኒ ከተማ በአልጋ ፋብሪካ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ የአልጋ እንጨቶችን በእጅ ከሚሠራው አራት እጥፍ በሚያህል ፍጥነት የሚያወጣ መኪና ፈለሰፈ። ባገኘው ጉርሻ የራሱን አውደ ጥናት ከፈተ። ይሁን እንጂ መኪናዎቹን ያንቀሳቅስ የነበረውን ጅረት ከተማው ለመጠጥ ውሃ ስለወሰደው፣ የደከመበት ሁሉ ከውሃው ጋር ሄደ።

እ.ኤ.አ. በ1852 ኦቲስ በዮንከርስ አንድን የእንጨት መሰንጠቂያ ወደ አልጋ ፋብሪካነት የመለወጥ ኃላፊነት ተሰጠው። ከባዱን ዕቃ ወደ ላይኛው ፎቅ ማውጣት ግድ ስለነበረ፣ ገመድ ቢበጠስ ምን ይደረጋል የሚለውን ጥያቄ ከልጆቹ ጋር ሆኖ ማሰላሰል ጀመረ። ለመልሱ የተጠቀመው በጋሪ ሥራ የሚያውቀውን ባሌስትራ ነው። ባሌስትራውን ከመድረኩ በላይ አጋድሞ ገመዱን ከመካከሉ ላይ አሠረው። መድረኩ በሚመራባቸው ሁለት ቋሚዎች ላይ ደግሞ እንደ መጋዝ ያሉ ጥርሶች አበጀ። ገመዱ በክብደቱ እንደተወጠረ ባሌስትራው ጎብጦ ከጥርሶቹ ይርቃል። ገመዱ በተበጠሰ ጊዜ ግን ወዲያው ይዘረጋና ጫፎቹ ጥርሶቹ ውስጥ ገብተው መድረኩን ባለበት ያስቆሙታል። መድረኩን ለማስቆም የሰው ትእዛዝም ሆነ ቅልጥፍና አያስፈልግም፤ የገመዱ መላላት ራሱ ፍሬን ሆኖ ይሠራል።

ፋብሪካው ሲዘጋ ኦቲስ ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ ለመጓዝ አስቦ እንደነበር ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1853 ግን የማንሻ ትእዛዝ ስላገኘ ጉዞውን ትቶ የራሱን ድርጅት አቋቋመ። ገዢው ግን ጥቂት ነበር፤ ሰው ያላየውን ነገር ለማመን ይቸገራልና። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1854 በኒው ዮርክ ክሪስታል ፓላስ በተደረገው ኤግዚቢሽን፣ ራሱ በመድረኩ ላይ ቆሞ ከሕዝቡ ራስ በላይ ከወጣ በኋላ ገመዱን አስቆረጠው። መድረኩ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቆመ። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1857 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል የሰው አሳንሰር በኒው ዮርክ በሚገኘው ባለ አምስት ፎቅ የሃውዋውት መደብር ሥራ ጀመረ፤ ፍጥነቱ በደቂቃ 12 ሜትር ያህል ነበር። ኦቲስ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1861 የፈጠራ መብቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ተቀበለ። ሦስት ወር ሳይሞላው፣ ኤፕሪል 8 ቀን፣ ዘጊ አናዳ በተባለው በሽታ በ49 ዓመቱ አረፈ። ሥራውን ልጆቹ ቻርልስና ኖርተን አስፋፉት።

የኦቲስ ሐሳብ በአሳንሰር ብቻ ተወስኖ አልቀረም። ቆመው በሚነዱ ብዙ ፎርክሊፍቶች ላይ ነጂው እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሣ ፍሬኑ በሞላ ኃይል በራሱ ይይዛል፤ ነጂው ቢወድቅ ወይም ራሱን ቢስት መኪናው ይቆማል ማለት ነው። ስለዚህ ለምቾት ሲል ፔዳሉን በእንጨት ሸብቦ የሚሠራ ሰው፣ የኦቲስን ባሌስትራ ነቅሎ እንደጣለ ይቆጠራል። ነጂውን ከነመቆሚያው ወደ ከፍተኛ መደርደሪያ በሚያነሣው ዓይነት ላይ የደኅንነት ቀበቶን መተውም እንዲሁ ነው።

በሌላ በኩል መሣሪያ ሁሉን አያድንም። የኦቲስ ባሌስትራ የተበጠሰን ገመድ እንጂ የሰውን ግድየለሽነት አያስቆምም። በመኪናው ላይ የተለጠፈውን የክብደት ልክ አለማንበብ፣ የሸክሙ ማዕከል ከምሰሶው በራቀ መጠን የማንሣት አቅሙ እንደሚቀንስ መርሳት፣ ሰውን በባዶ ሹካ ላይ ማውጣት፣ ከተነሣ ሸክም ሥር ማለፍ፣ እነዚህን የሚከለክል የጠንቃቃ ባለሙያ ህሊና ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ኦቲስ ገመዱ ከመበጠሱ በፊት ስለሚበጠስበት ቀን አሰበ። ለባለሙያው የተወው ትልቁ ውርስም ይኸው አስቀድሞ ማሰብ ነው።